የማይታየው ብርሃን በትምህርት ቤት መድረክ ላይ

ባንክ ቤት ገንዘብ ያዡ የተጠራጠረውን ብር ከአንዲት ወይን ጠጅ መብራት ሥር አድርጎ ሲመረምር ሳታይ አልቀረህም። በዚያች መብራት ሥር፥ ከወረቀቱ ላይ ያልነበረ የሚመስለው ምልክት ቦግ ይላል። በቴአትር መድረክ ላይ ጓንት ያለ እጅ ሲያጨበጭብ፥ ዓሣ ያለ ውሃ ሲዋኝ የሚያሳየውም ብልሃት ከዚሁ የተለየ አይደለም። እኔ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ እንጂ የፊዚክስ ሰው አይደለሁም። ሆኖም ባለፈው ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ለሚያሳየው የልጆች ቴአትር በመብራቱ በኩል እንድረዳ ተጠርቼ ስለ ነበር፥ በዚያ የተማርኩትን፥ ይልቁንም ልንሠራው ጥቂት ቀርቶን የነበረውን ስሕተት፥ ለጓደኞቼ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ነገሩ በመሠረቱ እንዲህ ነው። ዐይናችን የሚያየው ከቀይ እስከ ወይን ጠጅ ያለውን ብርሃን ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ከ400 ናኖሜትር ግድም ሲያንስ ግን ብርሃኑ መኖሩን አናውቅም። ይህን የማይታይ ብርሃን ጀርመናዊው ዮሐን ሪተር በ1801 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የብርን ጨው ሲያጠቁር አይቶ ደረሰበት። በ1852 ደግሞ ጆርጅ ስቶክስ፥ አንዳንድ ነገሮች የማይታየውን ብርሃን ተቀብለው በሚታይ ቀለም እንደሚመልሱት አስረዳ፤ ስሙንም ፍሎረሰንስ አለው። እንግዲህ በመድረክ ላይ የምናየው የመብራቱን ብርሃን ሳይሆን ዕቃው ራሱ የሚመልሰውን ነው። የተቀባው ነገር ከውስጡ የሚበራ የሚመስለው፥ ያልተቀባውም ከጨለማው ጋር አንድ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ይህን ቀለም ለትርዒት ካዋሉት ሰዎች መካከል የካሊፎርኒያዎቹ ወንድማማቾች ቦብና ጆ ስዊዘር ይገኛሉ። በ1930ዎቹ ቦብ በሥራ ላይ ወድቆ ስለ ተጎዳ በጨለማ ክፍል እንዲያርፍ ታዘዘ፤ በዚያም የሚያበሩ ቅመሞችን መመርመር ያዙ። ጆ ምትሃት ማሳየት ይወድ ነበርና ቀለሙን ለምትሃቱ ተጠቀመበት። በ1961 ደግሞ በፕራግ ከተማ ዪርዢ ስርኔጽ «ጥቁር ቴአትር» የተባለውን ቡድን አቋቋመ። በዚህ ዓይነት ቴአትር ተዋናዩ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ጥቁር ለብሶ በጥቁር መጋረጃ ፊት ይቆማል፤ ተመልካቹ እርሱን አያይም፥ የያዘውን ዕቃ ብቻ ያያል።

እኛ የመረጥነው የእንስሳት ተረት ነበር። የአማርኛ ቴአትር ራሱ በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ የጀመረ ስለሆነ፥ አንበሳና ቀበሮ ለመድረካችን እንግዶች አይደሉም። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አላስፈለገንም። ከሸማኔ እጅ አሁን የወጣ የእጅ ፈትል ነጠላ እምብዛም አያበራም፤ በዱቄት ሳሙና ደጋግሞ የታጠበው ግን ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ይላል። ምክንያቱም በብዙዎቹ የዱቄት ሳሙናዎች ውስጥ ልብስን ነጭ የሚያስመስል ፍሎረሰንት ቅመም አለ። ቶኒክ በኪኒኑ ምክንያት ሰማያዊ ይሆናል፤ የሃይላይተር ቀለምም በደንብ ያበራል። ለፊት የሚሆነው ግን ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ቀለም ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ይኸው ነገር ጠላት ይሆናል። በጥቁር ልብስ ላይ የቀረ አንድ ነጭ ክር እንደ ኮከብ ያበራል፤ ሳቅ ያለ ተዋናይም በጥርሱ ይታወቃል። ስለዚህ ልብሱን በብሩሽ መጥረግ፥ መጋረጃውንም ከመግዛት በፊት በመብራቱ ሥር ማየት ያስፈልጋል፤ ከሁሉም ከፋይ ይሻላል። መብራቱ ከመድረኩ ፊትና ጎን ሆኖ፥ ወደ ተመልካቹ እንዳያይ ይከለል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ግድም ይወርዳልና ወደ ዕቃው ይቅረብ እንጂ በልጆች ዐይን ትክክል አይሁን። ልጆቹም ጨለማውን እስኪለምዱ ድረስ እርምጃቸውን በብርሃን ደጋግመው ይለማመዱ።

አሁን ወደ ስሕተቱ ልምጣ። መብራት እንዲገዛ የተላከው ሰው «አልትራ ቫዮሌት» ብሎ ጠይቆ ሁለት ዘንግ አምፖሎች ይዞ መጣ። መስተዋታቸው እንደ ውሃ የጠራ ነበር። የአሥር ዓመት ልጆች ጥቁር ለብሰው ተሰልፈዋል፤ እኔም ልሰካ ስል የፊዚክስ መምህሩ ካርቶኑን አንሥተው አነበቡ። 254 ናኖሜትር፥ ጀርም መግደያ ይላል። እንዲህ ያለው አምፖል በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በብዙ አገር በብዛት ተሽጧል። ሰው ባለበት ክፍል ሊበራ አይገባውም፤ ቆዳን ያቃጥላል፥ ዐይንንም ብየዳ ያለ መነጽር እንዳየ ሰው ዐይን ያደርገዋል። ሕመሙ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ልጆቹ እየሳቁ ወደ ቤታቸው ይሄዱ፥ ሌሊት ግን አሸዋ የገባበት በሚመስል ዐይን ያለቅሱ ነበር። አንዱ ልጅ «ጋሼ፥ አይበራም እንዴ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

እንግዲህ ለይቶ ማወቁ ከባድ አይደለም። ለመድረክ የሚሆነው «ዩቪ ኤ» የሚባለው ነው፤ በላዩ 365 ወይም 395 ናኖሜትር ይጻፋል። 395 የተባለው ወይን ጠጅ ብርሃኑ ራሱ ጎልቶ ስለሚታይ ጨለማውን ትንሽ ያበላሻል። ዘንግ አምፖል ከሆነ ሲጠፋ ጥቁር ሊመስል የደረሰ ወይን ጠጅ ነው፤ የጠራ መስተዋት ያለውን አትንካ። ምንም ያልተጻፈበትን አትግዛ። የሜርኩሪ አምፖል የውጭ መስተዋቱ ከተሰነጠቀ ጎጂው ጨረር ስለሚያመልጥ ይጣል። ደኅናውንም መብራት ቢሆን በቅርብ ትኩር ብሎ ማየት አይገባም።

ቴአትራችን በሁለተኛው ሳምንት በትክክለኛው መብራት ታየ። ቀበሮው ያለ ሰው ሲዘል የትንንሾቹ ጩኸት አዳራሹን ሞላው። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገባን የምንል ወጣቶች ወደ ትምህርት ቤቶች ለመርዳት ስንሄድ ጉጉታችንን ብቻ ይዘን መሄድ አይበቃንም፤ ካርቶኑንም ማንበብ አለብን።