በጎልቦ የኩሬ ዳርቻን ስለ መጠበቅና የግጦሽ መሬትን ስለ መመለስ

ጎልቦ በሞያሌ ዙሪያ ተዘርግቶ ወሰን ተሻግሮ ኬንያ የሚገባ ቆላ ሜዳ ነው። በዚህ አገር የባሕርም ሆነ የሐይቅ ዳርቻ ባይኖርም፥ ዳርቻው ሊጠበቅ የሚገባው ውሃ አለ፤ ይኸውም ቦረናዎች «ሐሮ» የሚሉት ዝናብ የሚያጠራቅም ኩሬ ነው። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ አነስተኛው በጥቅምትና በኅዳር ይጥላል። ኩሬው ውሃውን ይዞ በቆየ ቍጥር ጥልቆቹ የኤላ ጕድጓዶች ለበጋ ይተርፋሉ።

የኩሬ ሕይወት የሚያጥረው ከዳርቻው ነው። ከብት በቀጥታ ወደ ውሃው በገባ ጊዜ አፋፉን በኰቴው ይንደዋል፤ ሣሩም ይጠፋል፤ የተናደው አፈር በጎርፍ ታጥቦ ከሥር ይተኛል። ደለል የሞላው ኩሬ ጥልቀቱ ስለሚያንስ፥ የያዘው ጥቂት ውሃ በፀሐይ ቶሎ ይተናል።

የቦረና ሽማግሎች ይህን አስቀድመው ስላወቁ ሥርዓት አበጅተውለታል። ኩሬው በእሾህ ይታጠራል፤ ውሃው ተቀድቶ ከአጥሩ ውጭ በጭቃ በተሠራ ገንዳ ይቀርባል፤ የከብቱን ተራ የሚያስከብረው «አባ ሄሬጋ» ነው። ደለሉም ኩሬው በደረቀ ጊዜ በተጠቃሚዎች ጕልበት ይወጣል። እንደዚሁም «ከሎ» የሚባለው ግጦሽ ለጥጆችና ለደካማ ከብት ተከልሎ ይቆያል።

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. በቦረና በመሣሪያ ብዙ ኩሬዎች ተቈፈሩ። ውሃ መገኘቱ መልካም ሆኖ ሳለ፥ ቀድሞ በዝናብ ወራት ብቻ ይጋጥ የነበረው መሬት ዓመቱን ሙሉ ይጋጥ ጀመር። በዚያው ዘመን የሣር ቃጠሎ በመከልከሉ፥ እሳት ይገታው የነበረው ቍጥቋጦ ሣሩን እየወረሰ ሄደ። ከዚህ የምንረዳው፥ ባለቤትና ሥርዓት ያልተበጀለት ኩሬ ውሃ ቢሰጥም ግጦሽን እንደሚያሳጣ ነው።

የመንግሥትም ሕግ ከዚህ ልማድ ጋር ይስማማል። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197/1992፥ የበላይ ተቈጣጣሪው አካል ከክልሎች ጋር ተመካክሮ የውሃ ዳርቻን ወሰን እንዲለይ፥ በተለየውም ወሰን ውስጥ ዛፍ መቍረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ሰጥቶታል። በኬንያም በኩል እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የውሃ ደንብ ከወራጅ ውሃ ዳር ከ6 እስከ 30 ሜትር የሚደርስ መሬት እንዲጠበቅ ወስኖ ነበር። ከብቱ ወሰን ተሻግሮ የሚግጥ በመሆኑ፥ በሁለቱ ወገን ያለው ሥርዓት ተቀራራቢ ቢሆን ይጠቅማል።

እንግዲህ የቀበሌ ሹም ከሁሉ አስቀድሞ የኩሬውን ኀላፊ በሕዝብ ጉባኤ ማስታወቅና የዳርቻውን ወሰን በድንጋይ ማስመልከት ይገባዋል። ሁለተኛም፥ የሚወጣው ደለል ከአፋፉ ርቆ፥ ጎርፍ ወደ ኩሬው በማይመልስበት በታችኛው ወገን እንዲደፋ ያድርግ። ሦስተኛም፥ ጎርፉ ከሚገባበት በላይ ደለል የሚያስቀር ጕድጓድ ይቈፈር፤ በመግቢያውም የአገሩ ሣር ይተከል፤ ሣሩ እስኪጸና ድረስም ከብት አይለፍበት። የከተማው ነዋሪ በበኩሉ ለማገዶና ለከሰል ሲል የዳርቻውን ግራር ከመቍረጥ፥ በውሃውም አጠገብ ልብስ ከማጠብና ቍሻሻ ከመጣል ይቈጠብ።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ በመክሸፋቸው በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አለቀ፤ ብዙ ቤተ ሰብም የዕለት እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ዝናቡን ማዘዝ ለሰው ያልተሰጠ ነገር ነው፤ የዘነበውን ይዞ ማቈየት ግን የሰው ሥራ ነው። ደለል የሚጠረግበትና አጥር የሚታደስበት ጊዜ ኩሬው ባዶ የሆነበት የበጋ ወር ስለ ሆነ፥ የየአካባቢው ሹማምንትና ሽማግሎች ጉባኤያቸውን ከመጋቢት ዝናብ በፊት እንዲያደርጉ ያስፈልጋል።