የ«ሀ» ቁጥር ስንት ነው?
ኮምፒውተር ፊደል አይቆጥርም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደላት ሲያካትት ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጣቸው፦ «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610። «ለ» 4616 ነው፤ ከ«ሀ» በ8 ይበልጣል። ከሰባቱ የፊደል ተራዎች ቀጥሎ ያለው ስምንተኛው ቦታ እንደ «ሏ» ላለው ዲቃላ ፊደል የተተወ ነው።

ጨዋታው እዚህ ላይ ነው! የ«ሊ»ን ቁጥር፣ 4618ን፣ ለ8 ስናካፍል ቀሪው 2 ይሆናል። ቀሪው 0 ሲሆን ፊደሉ ግዕዝ (አንደኛ ተራ)፣ 1 ሲሆን ካዕብ (ሁለተኛ)፣ 2 ሲሆን ሣልስ (ሦስተኛ) ማለት ነው። ፕሮግራም ጸሐፊ በዚህች ማካፈል (እናንተም በምታውቋት!) የፊደሉን ተራ ይለያል። የስልክ ኪቦርድ የሚሠሩና የአማርኛ ጽሑፍ የሚያርም ፕሮግራም የሚጽፉ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ስሌት ይጠቀሙበታል፤ ፊደል ገበታውን በቃሉ የያዘ ተማሪ ደግሞ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሞክሩ፦ ቁጥሩ 4633 የሆነው የ«መ» ቤተሰብ ፊደል የትኛው ነው?