የወረዳ ምክር ቤቶችና የሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት ቁጥጥር
(የምዕራብ ጎጃምን አካባቢ መነሻ በማድረግ የቀረበ ማብራሪያ)

መግቢያ

ሕፃን ከተወለደበት ቀን አንሥቶ አንደኛ ክፍል እስከሚገባበት ጊዜ ድረስ ሰባት ዓመት ያህል ይቆያል። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ክትባቱንና የሰውነቱን ዕድገት የቀበሌው ጤና ኬላ ይከታተላል፤ ፊደል የሚቆጥርበትን መዋዕለ ሕፃናት ወይም ዜሮ ክፍል የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይመራል፤ የማቆያና የደኅንነት ጉዳይ ደግሞ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ድርሻ ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በየፊናው ሪፖርት ያቀርባል። የጤናው ሪፖርት ስለ ክትባት፣ የትምህርቱ ሪፖርት ስለ ምዝገባ፣ የሌላውም ሪፖርት ስለተካሄዱ ስብሰባዎች ይናገራል። ስለ ሕፃኑ በጠቅላላው የሚናገር ሪፖርት ግን እምብዛም አይገኝም።

በወረዳ ደረጃ የእነዚህን መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ሪፖርት የሚሰማና በጀታቸውን የሚያጸድቅ አንድ አካል አለ፤ እርሱም የወረዳው ምክር ቤት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክር ቤቱ ከመደበኛው ትምህርት በፊት ባሉት ዓመታት ላይ ያለውን የቁጥጥር ኀላፊነት፣ ኀላፊነቱን የሚወጣባቸውን መሣሪያዎችና የሚገጥሙትን እንቅፋቶች ማስረዳት ነው። መነሻ የተደረገው የምዕራብ ጎጃም አካባቢ፣ ይኸውም የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ከተሞች፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ያሉት እንደ ጃቢ ጠህናንና ወምበርማ ያሉ የገጠር ወረዳዎች ናቸው።

የቁጥጥሩ ታሪካዊ አመጣጥ

በጎጃም ምድር የሕፃናት ትምህርት ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። ዕድሜያቸው አራትና አምስት ዓመት የሞላ ልጆች የኔታ ዘንድ ሄደው ፊደል፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስና ዳዊት በየደረጃው ይማሩ ነበር፤ ዛሬም በብዙ አጥቢያዎች ይማራሉ። የመምህሩን ኑሮ የሚደግፈው የአጥቢያው ሕዝብ ስለሆነ የትምህርቱንም ውጤት የሚመዝነው ያው ሕዝብ ነው። ልጁ በቤተ ዘመድ ፊት ሲያነብ የመምህሩ ድካም ለሁሉ ይታያል። በዚህ ሥርዓት ወጪውን የሚሸፍነውና ውጤቱን የሚመረምረው አካል አንድ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በዘመናዊው ትምህርት መስክ የአካባቢ አካላት በትምህርት ገንዘብ ላይ ድምፅ እንዲኖራቸው የተደረገበት ቀደምት ሙከራ በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ሲታወጅ የተቋቋሙት የትምህርት ቦርዶች ናቸው። ይሁን እንጂ የቦርዶቹ ትኩረት በመደበኛው ትምህርት ቤት ላይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበራትና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከተመሠረቱ በኋላ ግን ቀበሌዎች በየከተማው መዋዕለ ሕፃናት ማቋቋምና ማስተዳደር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶች ከሕዝብ በተውጣጡ ኮሚቴዎች እንዲተዳደሩ ያደረገ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ የሕፃናትን ጉዳይ በበላይነት የሚከታተል የሕፃናት ኮሚሽን በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋቋመ።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ኮሚሽኑ ፈረሰ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት ለመደበኛው ትምህርት በሚያዘጋጅ መልኩ እንዲሰጥ ቢያመለክትም፣ ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች የተተወ ሆነ። ስለዚህም አገልግሎቱ ከፍሎ ማስተማር በሚችለው የከተማ ነዋሪ ዙሪያ ተወሰነ፤ የገጠሩ ሕፃን ከአገልግሎቱም ከቁጥጥሩም ውጭ ሆኖ ቆየ።

የአገልግሎቱ መስፋፋትና ቁጥሩ የማይናገረው ጉዳይ

ሁኔታው የተለወጠው የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በ2002 ዓ.ም. በጋራ ባወጡት የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ነው። ማዕቀፉ አራት ምሰሶዎች አሉት፤ እነርሱም የወላጆች ትምህርት፣ ከፅንስ ጀምሮ የሚሰጥ የጤናና የማነቃቃት አገልግሎት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ እንዲሁም በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚካሄድ ኢመደበኛ የትምህርት ዝግጅት ናቸው። ከዚህ ጋር በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ለስድስት ዓመት ልጆች ዜሮ ክፍል እንዲከፈት፣ ታላላቅ ተማሪዎችም ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያስተምሩበት የልጅ ለልጅ ዘዴ እንዲስፋፋ ተደረገ።

በዚህም ምክንያት በአገር አቀፍ ደረጃ ቀደም ሲል 5 በመቶ ያህል የነበረው የቅድመ መደበኛ ጥቅል ተሳትፎ በ2006 ዓ.ም. ወደ 34 በመቶ ከፍ አለ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሁለት ዓመት ቅድመ መደበኛ ትምህርት በትምህርት እርከኑ ውስጥ እንዲካተት አድርጓል።

በጥቂት ዓመታት ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል ዕድገት መገኘቱ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ የሠለጠነ መምህር፣ ለዕድሜው የሚመጥን መቀመጫ፣ የመጫወቻ ቦታና ራሱን የቻለ የበጀት መደብ በዚያው ፍጥነት አልተገኘም። በብዙ ስፍራ ዜሮ ክፍል የተከፈተው ለሌላ ሥራ ባልተፈለገው ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የሚያስተምረውም ለሕፃናት ትምህርት ያልሠለጠነ ሰው ነው። በምዝገባ ቁጥር ብቻ የሚቆጣጠር ምክር ቤት እነዚህን ጉድለቶች ሊያያቸው አይችልም። የአንደኛ ክፍል መምህር ግን በመስከረም ወር ያያቸዋል፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ትምህርት የማቋረጥ ችግር የሚበረታው በዚሁ በአንደኛ ክፍል ላይ መሆኑ ይታወቃልና።

የምዕራብ ጎጃም ገጠርና ከተማ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች የሕፃናት አገልግሎት ጥያቄ በዋናነት የሠራተኛ እናት ጥያቄ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በንግድ ቤትና በቀን ሥራ የምትተዳደር እናት ከወሊድ ፈቃዷ በኋላ ልጇን የምትተውበት ቦታ ያስፈልጋታል። የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሴት ሠራተኞችን በሚስብ መጠን ጥያቄው እየሰፋ መሄዱ አይቀርም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከመስጠቱም በላይ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። በቀን ሥራ የምትተዳደረው እናት ግን እንዲህ ባለው ድንጋጌ አትሸፈንም።

በገጠሩ የችግሩ መልክ ሌላ ነው። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ በሚመረትበት በዚህ አካባቢ በክረምት የአረም፣ በመኸርም የአጨዳ ሥራ የእናትን ጉልበት ሙሉ በሙሉ ይጠይቃል። ጡት የሚጠባው በአንቀልባ ታዝሎ እርሻ ይወርዳል፤ ጡት የጣለው በአያቱ ወይም በታላቅ እኅቱ እጅ ይቀራል። ታላቅ እኅቱም ብዙውን ጊዜ የሦስተኛ ወይም የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስለዚህ በገጠር የማቆያ አለመኖር የሚመዘገበው በሕፃኑ ስም አይደለም፤ ከትምህርት በቀረችው ልጅ ስም በመምህሩ የስም መጥሪያ ላይ ነው። የሕፃናትን አያያዝ የሚከታተል ምክር ቤት የሴት ተማሪዎችን ክትትልም አብሮ እንደሚጠብቅ መገንዘብ ያስፈልጋል።

አስተዳደር፣ ኢንስፔክሽንና የምክር ቤት ቁጥጥር

እነዚህ ሦስት ተግባራት አንዱ በሌላው ስም ሲጠሩ ይታያል። አስተዳደር የዕለት ተዕለት ሥራ ሲሆን የርእሰ መምህሩ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱና የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ድርሻ ነው። ኢንስፔክሽን ደግሞ በባለሙያ የሚካሄድ ምዘና ነው። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በተዘረጋው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ መሠረት ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይመዘናል፤ ትምህርት ቤቱም ከ1 እስከ 4 ባሉት ደረጃዎች ይመደባል፤ ደረጃውን አሟልቷል የሚባለው 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሲያገኝ ነው።

የምክር ቤት ቁጥጥር ከሁለቱም ይለያል። የምክር ቤት አባል መምህሩ እንዴት ፊደል እንደሚያስቆጥር ሊያርም አይገባውም። የእርሱ ጥያቄ የተመደበው ገንዘብ ለተመደበለት ሕፃን ደርሷል ወይ? ያልደረሰለትስ የትኛው ነው? ኀላፊነቱስ የማን ነው? የሚል ነው። የኢንስፔክሽን ውጤት ለዚህ ጥያቄ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። ደረጃ 1 ያገኘ ተቋም በተከታዩ ዓመት በጀት ውስጥ ምን እንደታሰበለት ምክር ቤቱ ካልጠየቀ ምዘናው ተሰንዶ ከመቀመጥ አያልፍም።

የሥልጣኑ መሠረትም ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥልጣን ወደ ወረዳ ሲወርድ ጥቅል በጀት ለወረዳዎች መሰጠት በመጀመሩ፣ ገንዘቡን ለዘርፎች የማከፋፈሉ ውሳኔ በወረዳው ምክር ቤት እጅ ገብቷል።

የምክር ቤቱ አራት መሣሪያዎች

አንደኛው በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 ቀን ይጀምራልና ምክር ቤቱ በጀቱን ሲያጸድቅ ለቅድመ መደበኛ የተያዘው ገንዘብ ከአንደኛ ደረጃው ተለይቶ እንዲቀርብለት መጠየቅ ይችላል። ያልተለየ ገንዘብ በእጥረት ጊዜ አስቀድሞ የሚነካው ነው፤ ጠመኔና ወረቀት ከላይኛው ክፍል ተርፎ ሲመጣ ብቻ ለሕፃናቱ ይደርሳልና።

ሁለተኛው የሩብ ዓመት ሪፖርት ነው። በዚህ ረገድ ዋናው ቁም ነገር የአንዱን መሥሪያ ቤት ሪፖርት በሌላው ማመሳከር ነው። በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የየቤተሰቡን መረጃ ይይዛሉ። ለምሳሌ ያህል በአንድ ቀበሌ የጤና ኬላው መዝገብ 120 የስድስት ዓመት ሕፃናት እንዳሉ ቢያሳይ፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ደግሞ 75 ቢያሳይ፣ ልዩነቱ 45 ነው። ጤናው ስለ 120ው፣ ትምህርቱ ስለ 75ቱ መልካም ሪፖርት ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ ስለ 45ቱ ግን ማንም አይናገርም። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ምክር ቤቱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ከወንዝ ማዶ ያሉ ይሁኑ፣ የአካል ጉዳት ያለባቸው ይሁኑ ወይም ወላጆቻቸው የተለዩአቸው፣ ምክንያቱ በስም ሊፈለግ ይችላል።

ሦስተኛው የቋሚ ኮሚቴ የመስክ ጉብኝት ነው። ጉብኝቱ በበጋ ብቻ ሳይሆን ዝናቡ ሳያባራ ቢደረግ ይመረጣል። እንደ ብርና ፈጠም ያሉ ወንዞችና ገባሮቻቸው በሚሞሉበት ወራት ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ መድረስ አለመድረሱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነውና። በከተማም ኮሚቴው የግል መዋዕለ ሕፃናትን ሲጎበኝ ፈቃዱን ብቻ አይቶ መመለስ የለበትም። የመፀዳጃ ቤቱን ንጽሕና፣ የግቢውን አጥር፣ በአንድ ክፍል የታጨቁትን ልጆች ብዛት፣ እንዲሁም ልጆቹ ተረት፣ እንቆቅልሽና እቃቃ የሚጫወቱበት ጊዜ መኖሩን ቢመለከት፣ ለአራት ዓመት ልጅ የቤት ሥራ በማብዛት ጥራት እንዳለ ለሚያስመስለው አሠራር ማረሚያ ይሆናል።

አራተኛው የሕዝብ መድረክ ነው። እናቶች በሚሰበሰቡበት ሰዓትና ስፍራ የሚካሄድ፣ የተነሣውም ጥያቄ በሚቀጥለው ጉባኤ መልስ የሚያገኝበት መድረክ ከብዙ ቅጽ የበለጠ መረጃ ይሰጣል።

ከሌሎች አገሮች ልምድ

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1975 በጀመረችው የተቀናጀ የሕፃናት አገልግሎት አንጋንዋዲ በሚባሉ የመንደር ማዕከላት ተጨማሪ ምግብን፣ የጤና ክትትልንና የቅድመ ትምህርት ዝግጅትን በአንድ ቦታ ትሰጣለች። እ.ኤ.አ. በ1992 የተደረገው የሕገ መንግሥት ማሻሻያም የሴቶችና የሕፃናት ልማትን ለመንደር ምክር ቤቶች ሊሰጡ ከሚችሉ ጉዳዮች ውስጥ አካትቶታል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የሕፃናት እንክብካቤ ሕግ በአካባቢው በቂ አገልግሎት መኖሩን የማረጋገጥ ግዴታ በአካባቢ አስተዳደሮች ላይ ሲጥል፣ የጥራት ምዘናውን ለብሔራዊ የኢንስፔክሽን መሥሪያ ቤት ትቶታል። ከሕንዱ ልምድ አገልግሎቱን በሕፃኑ ዙሪያ ማሰባሰብ፣ ከእንግሊዙም ስለ በቂነት የሚጠየቀውንና ጥራትን የሚመዝነውን አካል መለየት እንደሚቻል መረዳት ይቻላል።

እንቅፋቶች

የምክር ቤቶች ቁጥጥር የሚዳከምባቸው ምክንያቶች አሉ። ጉባኤው የሚሰበሰበው በዓመት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ነው። አብዛኞቹ አባላት ሌላ መተዳደሪያ ያላቸው ስለሆነ ሰነድ ለመመርመር በቂ ጊዜ የላቸውም። ሪፖርቱን የሚያዘጋጀውም ቁጥጥር የሚደረግበት መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። አስፈጻሚውና ምክር ቤቱ በአንድ የፖለቲካ ድርጅት አባላት በተሞሉበት ሁኔታ ጠንከር ያለ ጥያቄ እንደ ተቃውሞ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ የከፋው ግን የሰላም መጥፋት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ምዕራብ ጎጃምን ጨምሮ በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ሁለት ዓመት የተዘጋ ትምህርት ቤት ለስድስት ዓመቱ ልጅ ዜሮ ክፍል ጨርሶ የማያገኝበት ዘመን ነው፤ ስምንት ዓመት ሞልቶት ተመልሶ ዜሮ ክፍል አይገባምና። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚመዘገበው አዲስ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ዝግጅቱ ያለፈውም ልጅ ጭምር በመሆኑ፣ አንደኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት የተፋጠነ የዝግጅት ጊዜ እንዲሰጥ በዕቅድ መያዝ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው የሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተከፋፈለ ሥራ በመሆኑ፣ ክፍፍሉን ሊያገናኝ የሚችለው ቅርብ አካል የወረዳ ወይም የከተማ ምክር ቤት ነው። ለዚህም የተለየ በጀት፣ የተመሳከረ መዝገብ፣ ወቅቱን የጠበቀ ጉብኝትና መልስ የሚገኝበት መድረክ ያስፈልጉታል። አራቱም አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋምን አይጠይቁም። መምህራንም በበኩላቸው የዜሮ ክፍልን እውነተኛ ሁኔታና ታናናሾቻቸውን ለመጠበቅ ከትምህርት የሚቀሩትን ተማሪዎች ቁጥር በሪፖርታቸው ለይተው ቢያሳዩ፣ የዕቅድ ባለሙያዎችም ይህን ቁጥር ሳያጣፉ ወደ ጉባኤው ቢያደርሱት፣ ምክር ቤቱ በየሩብ ዓመቱ የሚሰማው ሪፖርት የመሥሪያ ቤቶች ታሪክ ብቻ መሆኑ ይቀርና የሕፃናቱ ታሪክ ይሆናል።