ተጨማሪ መረጃ፦ እጅ በማይገባበት ክንፍ ውስጥ ሪቬት መምታት

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰዎች እንደ ቫንስ አርቪ ያሉ ትንንሽ አውሮፕላኖችን በየጋራዣቸው ይገጣጥማሉ። አካላቸው ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ሲሆን የሚያያዘው በሺዎች በሚቆጠሩ ሪቬቶች ነው። ሪቬት ሲመታ በአንድ በኩል በአየር ግፊት የሚሠራ መምቻ፣ በሌላው በኩል ጭራውን የሚጨፈልቅ ከባድ መደገፊያ ብረት ያስፈልጋል። ችግሩ የሚጀምረው ክንፉ ሊዘጋ ሲቃረብ ነው፤ እጅ መግቢያ ያጣል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ቅደም ተከተል ነው፦ ላሜራው ከመዘጋቱ በፊት የትኛው ሪቬት በኋላ እንደማይደረስበት ለይቶ እሱን ማስቀደም።

ለጠባብ ጥግ ከተንግስተን የተሠራ መደገፊያ ይመረጣል። ተንግስተን በተመሳሳይ መጠን ከብረት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ፣ ትንሿ ቁራጭ የትልቁን ብረት ሥራ ትሠራለች። የሪቬቱን ቀዳዳ የሚበሳው መሰርሰሪያም አንገቱ 90 ዲግሪ የታጠፈ፣ ፑንታው አጭር ይሁን። በቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚቀረው ሹል ትርፍ ግን የግድ መጽዳት አለበት፤ ቦታው ስለጠበበ ብቻ ከታለፈ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሪቬት በትክክል ሲመታ ጭራው ወደ 4.8 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ቁመቱም ወደ 1.6 ይወርዳል። ዓይን የማያየውን በትንሽ መስታወትና በባትሪ መብራት ፈትሹ።

ከአንድ ወገን ብቻ የሚሳብ ሪቬት ሥራውን ያቀልላል። ሆኖም ጥንካሬው ስለሚለያይ፣ የአውሮፕላኑን ንድፍ ያወጣው አካል ሳይፈቅድ ከሁለት ወገን በሚመታው ጠጣር ሪቬት ቦታ አትተኩት።