ተጨማሪ መረጃ፦ የሰንበቴ ገበያ፣ የእኛውና የውጩ ዕቃ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሚሴ ሳይደረስ የምትገኘው ሰንበቴ፣ እሑድ እሑድ ትልቅ ገበያ ይቆምባታል። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ግመልና ፍየል፣ እህልና ቅቤ፣ ጨውና ሸማ ይዘው ይገናኙበታል።

ሸማውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጥጡን ገበሬ ያመርታል፤ እናቶች ይፈትላሉ፤ ሸማኔ ይሸምናል። ዋጋው ለእነዚህ ሁሉ ስለሚከፋፈል ገንዘቡ እዚያው አገር ውስጥ ይዞራል። ከውጭ የመጣው፣ ጥለት የታተመበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ ደግሞ ይረክሳል፤ ይሁን እንጂ ከዋጋው ከፊሉ ወደ ውጭ ምንዛሪ ተለውጦ ከአገር ይወጣል። ሸማው ራሱም ቢሆን ሁልጊዜ ጥርት ያለ የአገር ምርት አይደለም፤ የጥለቱ ክር ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚገባ ነው።

ጨው ሌላ ታሪክ አለው። እስከ 1990 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአብዛኛው የምትጠቀመው የኤርትራን ጨው ነበር። ከኤርትራ ጋር የተቀሰቀሰው ጦርነት መንገዱን ሲዘጋ የአፋሩ አፍዴራ ሐይቅ ቦታውን ተካ። ምርጫ ሳይሆን ችግር ያመጣው ለውጥ ነበር ማለት ይቻላል።

መንግሥትም የውጭ ዕቃን ለመቀነስ አንዳንዴ እገዳ ይሞክራል፦ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሽቶ፣ ውስኪና ከረሜላን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተደረገ። እገዳው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተነሣ።