ጤፍ በፓተንት፣ ቡና በንግድ ምልክት፤ የአብደራፊ ሰሊጥስ በምን?

በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ፣ በአብደራፊና በአካባቢዋ፣ ሰሊጥ የሚታጨድበት ጊዜ አጭር ነው። መስከረም ሲጋመስ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአገራችን ሰሊጥ ዘሩን የያዘው ከረጢት ሲደርቅ አፉን ይከፍታል። ያኔ የዘገየ ባለሀብት ምርቱን የሚያገኘው በጆንያው ሳይሆን መሬት ላይ ነው። ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛና ኑሮውን በቆላው ያደረገው «ሳሉግ» በዚያ ሰሞን የጉልበቱን ዋጋ ራሱ የሚተምነውም በዚህ ምክንያት ነው። ለአጨዳ የሚወጣው ገንዘብ የዓመቱን ትርፍ ሊበላ እንደሚችል በመስኩ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ነገሩ ሌላ ነው። በቴክሳስ ሴሳኮ የሚባል ኩባንያ ከረጢቱ ሲደርቅ ዘሩን የማያረግፍ ሰሊጥ አዳቅሎ በኮምባይነር ያሳጭዳል። የዚህ ዓይነቱ ሥራ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1943 በቬንዙዌላ የተገኘ አንድ የተለየ የሰሊጥ ተክል ነበር። ኩባንያው የማያረግፉ ዝርያዎቹን በአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት በባለቤትነት አስመዝግቧል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጆቹ ቁጥሮች ግን እንደወጡ ተቀምጠዋል።)

ታዲያ ይህ ለአብደራፊ አምራች፣ ለጎንደር ደላላና ለአዲስ አበባ ላኪ ምን ያገባዋል? ያገባዋል። የዘርም ሆነ የስም ባለቤትነት በሰነድ የሚያዝ ሀብት ከሆነ ሰንብቷል። አገራችንም በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተፈትናለች፤ አንዴ በጤፍ፣ አንዴ በቡና። ሁለቱም ለሰሊጥ ነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት ይዘዋል።

ከጤፉ እንጀምር። በ2003 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ፣ ኋላ ኤች.ፒ.ኤፍ.አይ. በሚል ምሕፃር የታወቀው፣ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። በ2005 ከብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ጋር የአሥር ዓመት ስምምነት ተፈራረመ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ውሉ መልካም ነበር። ኩባንያው ከኢትዮጵያ በሚያገኛቸው የጤፍ ዝርያዎች ላይ የባለቤትነት ጥያቄ እንደማያነሣ፣ ከዘር ሽያጭም ከትርፍም እንደሚያካፍል፣ ለጤፍ ምርምርና ለገበሬው ድጋፍ በየዓመቱ ከ20,000 ዩሮ የማያንስ ገንዘብ እንደሚያዋጣ ይገልጻል። የብዝሀ ሕይወት ስምምነት ጥሩ ምሳሌ ተብሎም በየስብሰባው ሲወደስ ከርሟል።

ኢትዮጵያ በመጨረሻ ያገኘችው በጠቅላላው 4,000 ዩሮ ነው። ልብ በሉ፣ በዓመት አይደለም።

የአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት በ2007 ፓተንቱን ሰጠ። ኔዘርላንድስን፣ ጀርመንን፣ ቤልጅግን፣ እንግሊዝን፣ ኦስትሪያንና ጣሊያንን የሚሸፍን ነበር። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ፓተንቱ ግን አልከሰረም፤ ቀደም ብሎ በእነዚያው ሰዎች እጅ ወዳለ ሌላ ኩባንያ ተዛውሮ ነበር። ኢትዮጵያ የተዋዋለችው ከሞተው ጋር፣ መብቱ የቀረው ከቆመው ጋር ሆነ። አዲሱ ኩባንያ በውሉ ላይ ስሙ ስለሌለ በሕግ የሚጠየቅበት መንገድ ጠፋ። በንግድ ዓለም ይህ ብርቅ አይደለም፤ በሌላ ስም ንግድ ፈቃድ አውጥቶ ከዕዳ የሚያመልጥ ሰው በእኛም አገር ሞልቷል። የሚያስገርመው የመንግሥት ተዋዋዮች «መብቱ ወደ ሌላ ቢተላለፍ ውሉ አብሮ ይተላለፋል» የሚለውን አጥብቀው አለማሰራቸው ነው።

ለመሆኑ ፓተንቱ የያዘው ምን ነበር? ተክሉን ራሱን አይደለም። ዋናው ጉዳይ ጤፍ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሲፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር የተሻለ ይሆናል የሚል ነው። ይህንንም በላቦራቶሪ ቁጥር ገልጸው፣ ከዚያ ቁጥር በላይ የሆነ የጤፍ ዱቄትና ከእሱ የሚጋገረው ሁሉ የእኛ ነው አሉ። አዲስ ጤፍና የከረመ ጤፍ በምጣድ ላይ አንድ እንደማይሆኑ የማታውቅ እንጀራ ጋጋሪ ማን ናት? ጎተራ ውስጥ የማሳደር ጥበብ በዚህ መንገድ «ፈጠራ» ተብሎ ተመዘገበ።

መጨረሻው ደግሞ ለነጋዴ ጆሮ የሚጥም ነው። ፓተንቱን የጣለው የኢትዮጵያ መንግሥት ክስ አልነበረም። ባለፓተንቱ ኤንሸንትግሬይን ኩባንያ የጤፍ መጋገሪያ ዱቄት የሚሸጠውን ቤከልስ የተባለ ሌላ የኔዘርላንድስ ድርጅት ከሰሰ፤ ተከሳሹም «ይህ ፓተንት ራሱ የፈጠራ ደረጃ የለውም» ሲል ተከራከረ። የሔግ ፍርድ ቤት በኅዳር ወር 2018 ተስማማበትና በኔዘርላንድስ ውስጥ ውድቅ አደረገው። በየካቲት 2019 በዋሽንግተን የነበሩት አምባሳደር ፍጹም አረጋ ዜናውን በትዊተር ሲያሰራጩ አገሩ በደስታ ተናወጠ። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን ነፃ ያወጣን የተፎካካሪ ነጋዴ ጥቅም እንደነበረ መዘንጋት አይገባም፤ ፍርዱም በኔዘርላንድስ ድንበር የተወሰነ ነበር።

ወደ ቡናው እንለፍ። እዚያ ያለው መሣሪያ ፓተንት ሳይሆን የንግድ ምልክት ነው። ፓተንት ለአዲስ ፈጠራ ለ20 ዓመት የሚሰጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሁሉም ይሆናል። የንግድ ምልክት ደግሞ ስም ነው፤ በየጊዜው እስከታደሰና በሥራ ላይ እስከዋለ ድረስ አያልቅም።

በመጋቢት 2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት፣ በዚያን ጊዜ በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ ይመራ የነበረው፣ «ይርጋጨፌ»፣ «ሐረር» እና «ሲዳሞ» የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ አመለከተ። ይርጋጨፌ ብዙ ሳያስቸግር አለፈ። በሌሎቹ ላይ ግን የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ፤ ስታርባክስም ቀድሞ በ2004 «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበት የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ አመልክቶ ስለነበር የኢትዮጵያ ጥያቄ ተራ ይጠብቅ ተባለ። ክርክሩ በአጭሩ «እነዚህ ስሞች የቦታና የቡና ዓይነት መጠሪያ እንጂ የማንም ምልክት አይደሉም» የሚል ነበር። ኩባንያው ያቀረበው አማራጭ የምስክርነት ምልክት ሲሆን፣ ይህ እያንዳንዱ ጆንያ ከዚያው ቦታ መምጣቱን መቆጣጠርና ማረጋገጥ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ይህን አልፈለገችም፤ በሚልዮን በሚቆጠሩ የጓሮ ገበሬዎች መካከል ተቆጣጣሪ ማሰማራት ከስሙ ጥቅም በላይ ያስወጣ ነበር።

በጥቅምት 2006 ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት ጉዳዩን አደባባይ አወጣው። ከ90,000 በላይ ሰዎች በኢሜይል፣ በስልክና በፖስት ካርድ ኩባንያውን አጨናነቁት። ክርክሩ ያን ጊዜ ገና አዲስ ወደነበረው ዩቲዩብም ወጣ፤ ኩባንያው ራሱ የመልስ ቪዲዮ እስከመለጠፍ ደረሰ። በኅዳር ወር ዋና ሥራ አስኪያጁ ጂም ዶናልድ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ተነጋገሩ። በሰኔ 2007 ስምምነቱ ተፈረመ። ኩባንያው ለስሙ የሚከፍለው ገንዘብ የለም፤ ስሞቹን የኢትዮጵያ ንብረት ናቸው ብሎ ተቀብሎ በፈቃድ ይጠቀምባቸዋል። ገንዘብ ፈልገው የነበሩ ወገኖች በዚህ ቅር ተሰኝተዋል፤ በእኛ ግምት ግን ድርድር የሚጀመረው ስሙ የማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ስለሆነ፣ የተገኘው ትንሽ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጤን ይገባል። የሕዝብ ጩኸት ቡናውን ረዳው፤ ጤፉን ግን አልረዳውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስታርባክስ በየጎዳናው በር ከፍቶ የሚነግድ፣ ስሙ ከጎደፈ በማግሥቱ ሽያጩ የሚቀንስ ኩባንያ ነው። የጤፉ ኩባንያ ግን ማንም ደንበኛ በስም የማያውቀው ትንሽ ድርጅት ስለነበር የሚያፍርበት ሱቅ አልነበረውም። እንዲህ ያለውን የሚይዘው ውልና ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

ሰሊጥ ወደ የትኛው ይጠጋል? ያለጥርጥር ወደ ጤፉ። ከአብደራፊ የሚጫነው ሰሊጥ የሚደርሰው ቻይና ውስጥ ዘይት ጨማቂ፣ እስራኤል ውስጥ ጣሂና አምራች ዘንድ ነው። በይነ መረብ ላይ ዘመቻ ቢከፈት ማን ላይ ይከፈታል? ሆኖም የቡናው ዓይነት ሀብት ሰሊጡም አለው፤ እሱም ስሙ ነው። «ሁመራ» የሚለው ስም በእስራኤል የጣሂና ገበያ በማሸጊያ ላይ ታትሞ ሸማች የሚስብ መጠሪያ ሆኗል። የስሙን ጥቅም ግን የሚያገኘው ማሸጊያውን ያተመው ነው።

በእኛ በኩል የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰሊጡ «የሁመራ ጎንደር ነጭ»፣ «የወለጋ ነጭ» እየተባለ በዓይነትና በደረጃ ሲሸጥ ኖሯል። በዚህ አከፋፈል የአብደራፊ፣ የመተማና የሁመራ ሰሊጥ አንድ ስም ይይዛል። የቦታው ስም የሚያስነሣው የፖለቲካ ክርክር ለዚህ ገጽ አይሆንም፤ ለገበያ ግን ነጩ፣ ደርበብ ያለውና ለጣሂና የሚፈለገው ዘር መጠሪያው ይህ ነው። ችግሩ ደረጃው የሚነግረው የንጽሕናውን መጠን እንጂ ከየትኛው እርሻ እንደመጣ አይደለም። ጥሩ ያመረተው ካልተጠነቀቀው ጋር አንድ መጋዘን ይገባል። ድንበሩ ቅርብ በመሆኑ ከገዳሪፍ ወገን የሚሻገር ሰሊጥ ቢቀላቀልበት ማን ይለየዋል? ስም በአሜሪካም ሆነ በእስራኤል ቢመዘገብ፣ በጆንያው ውስጥ ያለው ሌላ ከሆነ የሚጎዳው ያው ስሙ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሳልሞኔላ ምክንያት በኢትዮጵያ ሰሊጥ ላይ ተጨማሪ የድንበር ምርመራ መጣሉ ይህንኑ ያስታውሳል።

ስለዚህ የቡናው መንገድ እንዳለ ሊቀዳ አይችልም። ቡናው ያለ ቁጥጥር በስሙ ብቻ ሊሄድ የቻለው ጣዕሙን የሚለይ ቀማሽ በሁለቱም ጫፍ ስላለው ነው። ለሰሊጥ የሚሻለው ያን ጊዜ የተጣለው የምስክርነት ምልክት ይመስለናል። በቆላው ሰፋፊ እርሻ ያላቸው ባለሀብቶች ቁጥር ከቡና ገበሬው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ ቁጥጥሩ የሚቻል ነው። ማመልከቻውን ማን ያቅርብ ለሚለው፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የጋራ ምልክት በማኅበር ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ ላኪዎችና ዩኒየኖች ከተስማሙ መንግሥትን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። የውጭው ምዝገባ ግን በየገበያው አገር ለየብቻ ይጠየቃል።

ወደ ማይረግፈው ሰሊጥ እንመለስ። ብዙዎች «አሜሪካኖች ሰሊጣችንን ወሰዱ» ሲሉ ይሰማል፤ የኩባንያው ዝርያዎች መነሻ ግን ከላይ እንደተገለጸው ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ፓተንት በተሰጠበት አገር እንጂ ከዚያ ውጪ አያስርም። በአብደራፊ የሚያርስን ሰው በቴክሳስ ፓተንት መክሰስ አይቻልም፤ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ደግሞ የዕፅዋት ዝርያ በኢትዮጵያ ፓተንት አይሰጠውም። እንቅፋቱ የሚመጣው ያንኑ ዝርያ አምርቶ ወደ አሜሪካ ለመላክ ሲፈለግ ነው። ሦስተኛ፣ በ2004 የተሰጡት የኩባንያው ፓተንቶች ማመልከቻ የገባው ከዚያ በፊት ስለሆነ 20 ዓመታቸው አልፏል። በእነዚያ ሰነዶች የተዘረዘረው የማዳቀል ስልት አሁን ለማንም ክፍት ነው፤ በኋላ የወጡት ዝርያዎች ግን አሁንም ጥበቃ አላቸው። የእኛ የምርምር ማዕከላት ያወጧቸው ሁመራ-1፣ ሰቲት-1 እና ጎንደር-1 ምርታቸው ከነባሩ ሒርሒር ቢሻልም አጨዳቸው አሁንም በእጅ ነው። በጎንደር የግብርና ምርምር ማዕከል ደጅ ቆሞ የማያረግፍ ዘር የሚጠይቅ ባለሀብት ካለ፣ ያለፈባቸውን የፓተንት ሰነዶች አሳትሞ ቢሄድ ሕግ የሚከለክለው ነገር የለም።