ጠብታው ሲያልቅ

ፒያሳ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበሩ አባት ባዶ ብልቃጥ ለፋርማሲስቷ አሳዩ። «ቲሞሎል አልቋል፣ አባባ» አለቻቸው። «እዚያ ማዶም አልቋል ነው ያሉኝ» ብለው ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። የግላኮማ ጠብታ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ የሚደረግ ነው። ታዲያ ጠብታው ለማይገኝለት ወይም ለማይችለው ሰው፣ ቀዶ ሕክምናው ለምን መጨረሻ ላይ ይነሳል?

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች 49.9 በመቶውን ለሞራ፣ 5.2 በመቶውን ለግላኮማ ሰጥቷል። ልዩነቱ ግን በቁጥሩ አያበቃም፤ ሞራ የጋረደው ብርሃን ይመለሳል፣ ግላኮማ የወሰደው አይመለስም። ለግላኮማ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አንዲት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ይህን በራሳቸው ዓይን አይተውታል፦ «ጎረቤቴ ሞራዋ ተገፈፈላት፣ በማግስቱ የልጅ ልጇን መልክ ለየች። የእኔ ፋሻ ሲፈታ ግን ያው ጭጋግ። ሐኪሙን ተቀየምኩት። ያለኝን ሊያተርፍልኝ እንጂ የሄደውን ሊመልስልኝ እንዳልነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።»

ግላኮማን በቀዶ ሕክምና የማከሙ ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 የበርሊኑ ሐኪም አልብሬክት ፎን ግሬፌ ከዓይን ብሌን ዙሪያ ካለው ባለቀለም ክፍል ጥቂት ቆርጦ በማውጣት ድንገተኛውን ግላኮማ ማከም እንደሚቻል አሳወቀ። እ.ኤ.አ. በ1968 እንግሊዛዊው ጆን ኬርንስ ትራቤኩሌክቶሚን አስተዋወቀ። በዚህ ዘዴ በላይኛው የዓይን ቆብ ሥር፣ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ትንሽ ክዳን ይከፈትና ከሥሩ ቀዳዳ ይበጃል፤ በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዚያ እየሰረገ፣ ግላኮማን የሚያባብሰው የዓይን ግፊት ይወርዳል። የዚህ ሥራ ዋና ጠላት ቁስሉ ራሱ መዳኑ ነው፤ ጠባሳው ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ስለዚህ ማይቶማይሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ቦታው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይደረጋል። ጠባሳው ለሚያስቸግራቸው ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው አንተኒ ሞልቴኖ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፈሳሹን በቱቦ የሚያስወጣ መሣሪያ ሠራ። ዛሬ በሕንድ ማዱራይ የሚገኘው አምራች አውሮላብ በዋጋ ረከስ ያለ ቱቦ ያቀርባል።

ቢላዋ የማያስፈልገው ሌዘርም አለ። ታንዛኒያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ሌዘርን ከቲሞሎል ጋር አነጻጽሯል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካው ሌዘር በተደረገላቸው ዓይኖች 61 በመቶ፣ ቲሞሎል በተሰጣቸው 31 በመቶ ነበር። የሌዘሩ ውጤት በጊዜ ብዛት ይቀንሳል፤ ሊደገም ግን ይችላል።

እነዚህ አማራጮች ከአዲስ አበባ ውጭ ምን ያህል እንደሚደርሱ የጠየቅኋቸው አንድ የጤና ኃላፊ «በደብዳቤ አቅርቡ» አሉኝ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ አልመጣም።

ልብስ ሰፊዋ ግን መልስ አላቸው፦ «ጠብታ የምገዛው ከቤት ኪራዩ ቀንሼ ነበር። ሲጠፋ ደግሞ ብሩም አይረዳም። ዛሬ በቀኝ ዓይኔ እያየሁ ክር በመርፌ አስገባለሁ፤ ግራው ሄዷል። ለግራው ማን ቀድሞ ነገረኝ?»

ቀዶ ሕክምናው የራሱ አደጋ አለው፤ ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድ፣ ሞራ ሊፋጠን፣ ከዓመታት በኋላም ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል። ክትትሉ ከቀዶ ሕክምናው አይለይም። እንዲያም ሆኖ ጠብታ በሚጠፋበት አገር፣ ሌዘሩም ቀዶ ሕክምናውም አንድ ዓይን እስኪጠፋ ሳይጠበቅ፣ ከነአደጋቸው፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ለታማሚው ሊነገሩት ይገባል። መርጦ መታከም የሚችለው ገና የሚተርፍ ብርሃን ያለው ሰው ብቻ ነው።